ተማሪ ይዛችሁ ሮምን በአንድ ቀን ለምትጎበኙ መምህራን
ኮሎሲየምን በጠዋት የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ያዙት። አጠገቡ ያለው የሮማ ፎረም (የጥንታዊቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) ጥላ የለውም ማለት ይቻላል፤ በበጋ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ይዝላሉ።

የኮሎሲየም ትኬት ስምና ሰዓት አለው። በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ስለሚያመሳክሩት የእያንዳንዱን ተማሪ ስም ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ የእኛ ልጆች የአባትና የአያት ስም ቦታ እየተለዋወጠ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ከ18 ዓመት በታች መግቢያው ነጻ ነው፣ ትኬቱ ግን ቀድሞ መያዝ አለበት። ትልልቅ ሻንጣና የመስታወት ጠርሙስ አይገባም፤ አንድ ልጅ ከያዘ ቡድኑ በሙሉ ይቆማል።

ለውሃ ገንዘብ አታውጡ። በየመንገዱ "ናሶኒ" የሚባሉ የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎች አሉ። አፉን በጣት ስትደፍኑት ውሃው በላይኛዋ ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል፤ ለመጠጣት ይመቻል።

ፓንቴዮን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። በስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል፤ ምሳችሁን በጥንቱ የሰረገላ እሽቅድድም ሜዳ በቺርኮ ማሲሞ ሣር ላይ ብሉ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 የቆመበት የፖርታ ካፔና አደባባይ እዚያው ጥግ ላይ ነውና ቦታውን ለልጆቹ ሳታሳዩ አትለፉ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)