ከውጭ የመጣውን ብስኩት ከመክፈታችሁ በፊት

ከሌላ አገር የመጣ የታሸገ መክሰስ እጃችሁ ከገባ፣ ሳትከፍቱት መጀመሪያ ቀኑን እዩ። 03/04/26 የሚል የብስኩት ፓኬት ይዤ ግራ ገብቶኝ ያውቃል። አሜሪካኖች ወሩን ስለሚያስቀድሙ ማርች 4 ነው። አብዛኛው አውሮፓ ውስጥ ግን ያው ቁጥር ኤፕሪል 3 ይሆናል። ጃፓንና ኮሪያ ደግሞ ከዓመቱ ይጀምራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደተመረተ ፈልጉ።

ጨው ለምትቀንሱ ደግሞ፦ የአሜሪካ ማሸጊያ የሚጽፈው ሶዲየም (የጨው አንዱ ክፍል) ነው፣ የአውሮፓው ጨው። ሶዲየሙን በ2.5 ስታባዙት ጨውን ታገኛላችሁ። ትንሽ የመሰለው ቁጥር ያኔ ጉዱ ይወጣል!

አለርጂ ያለባችሁ፣ ጽሑፉን በስልክ ካሜራ አስተርጉሙት። ትርጉሙ ካላማራችሁ ግን አትቅመሱት፤ ካሜራው አንዳንዴ ይቀባጥራል።