የሽንት ቤት ፍላሽ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ፍላሽ አልሠራ ሲል ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፤ ወይ ውሃ በሚጠራቀምበት ታንከር ውስጥ፣ ወይ ከመቀመጫው በታች ባለው የፍሳሽ መስመር ላይ። ስለዚህ አንድም ዕቃ ከመፈታቱ በፊት ከ6 እስከ 8 ሊትር የሚሆን ውሃ በባልዲ ቀድቶ በአንድ ጊዜ ወደ መቀመጫው መድፋት ይገባል። ውሃው ሁሉንም ጠርጎ ከወረደ መስመሩ ክፍት ስለሆነ ጥፋቱን ታንከሩ ውስጥ መፈለግ ነው። ከፍ ብሎ ቆሞ ቀስ እያለ የሚጎድል ከሆነ ግን መስመሩ ተደፍኗልና ሁለተኛ ባልዲ መጨመር ወለሉን ከማጥለቅለቅ በቀር የሚፈይደው የለም።

ታንከሩ አይሞላም፣ ወይም ለመሙላት ብዙ ይቆያል። ግድግዳው ላይ ያለው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱንና ሮቶው ውሃ እንዳለው ማየት ይቀድማል። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ደለል ነው፤ ጠፍቶ የቆየው ውሃ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የረጋውን አሸዋና ዝገት እየገፋ ያመጣና በማስገቢያ ቫልቩ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናል። መዝጊያውን ዘግቶ ፍሌክሲብል ቱቦውን መፍታት፣ ወንፊቷን አውጥቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ መልሶ ከመግጠም በፊትም የቱቦውን ጫፍ ባልዲ ውስጥ አድርጎ ለጥቂት ሰከንድ ውሃ መልቀቅ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከተዘለለ ቱቦው ውስጥ የቀረው አሸዋ ወንፊቷን ወዲያው መልሶ ይደፍናታል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ሆኖ ቤቱ የላይኛው ፎቅ ከሆነ ደግሞ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል፦ የውሃ ግፊት በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ስለሚሆን የ2 ሜትር ልዩነት የሚሰጠው 0.2 ባር ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ቤት ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ቫልቭ መግዛት እንጂ ደህናውን በሌላ ደህና መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ውሃው ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ታንከሩን ከፍቶ ማየት ነው። ውሃው በቁመት በቆመው የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ በኩል እየገባ ከሆነ ታንከሩ ሲሞላ የማስገቢያ ቫልቩን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ከፍ ብሏል፤ የውሃው ልክ ከቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ ተንሳፋፊውን ማውረድ ይበቃል። ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ታንከሩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ መጠበቅ ነው፤ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ታንከሩ ታች የውሃውን መውጫ የሚዘጋው ጎማ አይገጥምም ማለት ነው። ጨው የጋገረበት ጎማ በአቼቶ ሲታሽ ሊድን ይችላል፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ግን ይለወጣል። የጎማዎቹ ስፋት የተለያየ ስለሆነ አሮጌውን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

ቁልፉ ተጭኖ ውሃው ግማሽ ብቻ ከወረደ፣ ጎማውን የሚያነሳው ሰንሰለት ወይም ዘንግ ስለላላ ማሳጠር ነው።

መስመሩ ሲደፈን መጀመሪያ የሚሞከረው ባለ እጀታው የጎማ መምጠጫ ነው። ጎማው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ አፉን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ሥራውን የሚሠራው መግፋቱ ብቻ ሳይሆን መሳቡም ነው። በረኪናን ከአሲድ ጋር ቀላቅሎ ማፍሰስ ግን መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይሞከርም። ሶፍት በመጠኑ ከሆነ ይሟሟል፤ ዳይፐር፣ የንጽህና መጠበቂያና እርጥብ መጥረጊያ ግን እዚያው ይቀራሉ።

ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ የሻወሩ መውረጃ የሚንቆረቆር ወይም የሚገነፍል ከሆነ መዘጋቱ ከቤት ውጭ መሆኑን መጠርጠር ይገባል፦ ማንሆሉ ተደፍኗል፣ አለዚያም ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቷል። በኮንዶሚኒየም ይህ አስቀድሞ የሚታየው ምድር ቤት ባለው ቤት ነው፤ ምንም እንኳ ዳይፐሩን የጣለው አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ቢሆን። በዚህ ጊዜ የላይኞቹ ነዋሪዎች ውሃ መልቀቃቸውን እንዲያቆሙ መንገር፣ ማንሆሉን በባለሙያ ማስከፈት፣ ታንኩ ሞልቶ ከሆነም የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ማስጠራት ያስፈልጋል።