አሮጌ ጭቃ ቤት በክረምት ማፍሰስ ሲጀምር እንዴት እንደሚጠገን

ክዳኑ ሐምሌ ላይ ማፍሰስ ሲጀምር የተበሳው ያኔ ይመስለናል። ቀዳዳው የተከፈተው ግን በበጋ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ክዳን ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ መልሶ ያጥራል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩን እያወዛወዘ ይነቅለዋል፤ ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሚስማሩን የያዘው ባሕር ዛፍም ከዓመት ዓመት እየደረቀ ይለቀዋል። ዝናቡ ሲደርስ ሥራው አልቆ ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ ሌሊት የሚጠገን ጣሪያ የለም። ሌሊት ጉዳቱ ይቀነሳል፣ ሲነጋ ቀዳዳው ይፈለጋል፣ ክዳኑ ሲደርቅ ይደፈናል። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ሰው ወይ ከጣሪያ ይወድቃል፣ ወይ አንድ ጣሳ ካትራሞ (ቀዳዳ የሚደፈንበት ሬንጅ) ጨርሶ ቤቱ እንደሚያፈስ ይቀራል።

በዚያው ሌሊት

ከባልዲው በፊት መብራቱን አጥፉ። በቆዩ ቤቶች ሽቦው የሚያልፈው ከኮርኒሱ በላይ ነው፤ መጋጠሚያዎቹም ብዙ ጊዜ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለሉ ናቸው። ዋናውን ማጥፊያ በደረቅ እጅ፣ ጫማ አድርጋችሁ አውርዱ። ቆጣሪው ራሱ ረጥቦ ከሆነ ወይም ሲንጣጣ ከተሰማ አትንኩት፤ ከክፍሉ ወጥታችሁ መብራት ኃይል ደውሉ። ከዚያ በኋላ የምትሠሩት በባትሪ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ሻማ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መፈለግ የቤት ቃጠሎ መጋበዝ ነው።

ቀጥሎ ኮርኒሱን ተመልከቱ። የሆነ ቦታ ሆዱ ወርዶ ከሆነ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከተኛ 20 ኪሎ ነው፤ አቡጀዲውም ሆነ የራሰ ችፑድ ይህን ተሸክሞ አያድርም። ቁጭ ብሎ እስኪወድቅ መጠበቅ አያዋጣም። ሥሩ ሳፋ አስቀምጡና ዝቅ ያለውን ነጥብ በረጅም ሚስማር ብሱት። ስትበሱ ከሥሩ ሳይሆን ከጎኑ ቁሙ፤ ከውሃው ጋር የዓመታት አቧራና ጥላሸት አብሮ ይወርዳል። በኋላ ኮርኒሱ ላይ የምትደፍኑት የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ይሆናል።

ጠብታው ወለሉን እየረጨ ካስቸገረ ከሚንጠባጠብበት ቦታ ሲባጎ አስራችሁ ጫፉን ባልዲው ውስጥ ጣሉት፤ ውሃው ክሩን ይዞ ዝም ብሎ ይወርዳል። አልጋና ቁምሳጥን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁ፤ ከግድግዳ የተጠጋ ዕቃ ከጠብታ ይልቅ በእርጥበት ነው የሚበላሸው።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ወለሉ ላይ በቾክ አክብቡና ሁኔታውን ጻፉ። ዝናቡ እንደጀመረ ወዲያው ነው የተንጠባጠበው ወይስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ? ንፋስ ነበረው? በረዶ ነበረው? ይህን ነገ ጠዋት ማንም አያስታውሰውም፤ ቀዳዳውን ለማግኘት ግን ከመሰላል የበለጠ የሚረዳው እሱ ነው።

በዝናብ ጣሪያ ላይ አትውጡ። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፣ መብረቅም አለ፤ በጨለማ የዛገው ከደህናው አይለይም። የግድ ውሃውን መቀነስ ካስፈለገና ክዳኑ ዝቅ ያለ ከሆነ መሬት ላይ ቆሞ የፕላስቲክ ሸራ በገመድ መጎተት ይቻላል። ሸራው የጣሪያውን ጫፍ አልፎ ወደ ማዶው ካልወረደ ግን ውሃው ከላይ በኩል ከሥሩ ስለሚገባ ድካሙ ከንቱ ነው።

ቀዳዳውን ማግኘት

ውሃው የሚንጠባጠብበትና የሚገባበት ቦታ አንድ አይደሉም። በቀዳዳው የገባ ውሃ ከቆርቆሮው ሆድ ጋር ተጣብቆ ወይም ወራጁን እንጨት ይዞ ቁልቁል ይሄዳል፤ ማገር ወይም ቋጠሮ ሲያገኝ ይንጠባጠባል። ኮርኒሱ ላይ ካረፈ በኋላም እንደገና ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ስለዚህ ፍለጋው ከጠብታው ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው ጫፍ አቅጣጫ ነው። ርቀቱ አንድ ክንድ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ሜትርም ሊሆን ይችላል።

ሌሊት የጻፋችሁት እዚህ ይጠቅማል። ዝናቡ እንደጀመረ ወዲያው ካፈሰሰ የዛገ ቀዳዳ ወይም የተነቀለ ሚስማር ፈልጉ። ጠንካራ ዝናብ ቆይቶ ከሆነ የጀመረው ችግሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበት ቦታ ወይም የሞላ አሸንዳ ነው። በንፋስ ጊዜ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ የጎን መደራረቢያውን ወይም የጣሪያውን ጫፍ የሚሸፍነውን ኮልሞ ጠርጥሩ። በረዶ ዘንቦ ከነበረ አሸንዳውን አስቀድማችሁ እዩ፦ በረዶው ሳይቀልጥ አሸንዳውን ይደፍነዋል፣ ውሃው ተመልሶ በክዳኑ ጫፍ ሥር ወደ ግድግዳው ራስ ይገባል። ቆርቆሮው ሙሉ ደህና ሆኖ ቤቱ የሚያፈስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ዝናብ ሳይኖር፣ ሰማዩ ጠርቶ በቀዘቀዘ ንጋት የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ማፍሰስ አይደለም፤ የቤቱ እንፋሎት በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ነው። እሱን የሚያስታግሰው ካትራሞ ሳይሆን የአየር መውጫ ነው።

ከውስጥ ጀምሩ። ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት የኮርኒሱን አንድ ወገን አላቅቁ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ብርሃን በገባበት ቀዳዳ ሁሉ ስንደዶ ወይም ቀጭን ሽቦ ወደ ውጭ ሽጡበት፤ ጣሪያ ላይ ስትወጡ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ያለዚያ ከታች ያያችሁትን ቀዳዳ ከላይ ማግኘት የማይታመን ያህል ይከብዳል፤ ሞገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ይህ ዘዴ የሚያሳየው ግን የተከፈተ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሚስማር የቆመበት ቀዳዳ ብርሃን አያስገባም፣ ውሃ ግን ያስገባል። ለዚህ እንጨቱን እዩ፦ በሚስማሩ ዙሪያ የጠቆረ ወይም ነጭ ጠርዝ ያለው ነጠብጣብ ካለ እዚያ ውሃ ተመላልሷል። እንጨቱ በጣት ሲጫኑት ከገባ በስብሷል።

አሁንም ካልተገኘ የውሃ ፈተና ይደረጋል፤ ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውስጥ ሆኖ ያያል፣ ሌላው ከላይ ውሃ ያፈስሳል። አንድ ወይም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። የሚጀመረው ከታች፣ ከአሸንዳው ጠርዝ ነው። አንድ ክንድ በሚያህል ስፋት ላይ ውሃውን ቀስ እያላችሁ ለ5 ደቂቃ አፍስሱ፤ ውስጥ ያለው ሰው ምንም ካላየ አንድ ክንድ ወደ ላይ ተሻገሩ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በሁሉም ቦታ ስለሚያልፍ የትኛው እንዳስገባው አይታወቅም፤ ፈተናው የሚበላሸው ሁልጊዜ በዚህ ነው። በጎማ ቱቦ የምታፈስሱ ከሆነ ግፊቱን ቀንሱ፣ አፉንም ቁልቁል አዙሩ። ውሃ ሽቅብ ከተረጨ በደህናው መደራረቢያ ውስጥ ገብቶ የሌለ ቀዳዳ ያሳያችኋል።

ስለ መውጣቱ ጥቂት። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ደርቆ መሆን አለበት። መሰላሉ 4 ሜትር ላይ የሚያርፍ ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ ራሱ ይታሰር፣ አሸንዳ ላይ ግን አይደገፍ። የጎማ ሶል ጫማ አድርጉና የሚስማሩን መስመር ብቻ ርገጡ፤ ከሥሩ ማገር ያለው እዚያ ነው። ቆርቆሮው በዛገበት ቦታ ቢያንስ ሁለት ማገር የሚያቋርጥ ሳንቃ አንጥፋችሁ በእሱ ላይ ሂዱ።

መድፈን

ሚስማር ከተነቀለ መልሶ መምታት ዋጋ የለውም፤ ያው እንጨት ያው ሰፊ ቀዳዳ ነው። ነቅላችሁ ቀዳዳው ውስጥ ደረቅ የእንጨት ስንጥር ሙሉ፣ ከዚያ ከቀድሞው የሚረዝም ሚስማር ከነአዲስ ጎማው ምቱ። ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው። ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ የተመታ ሚስማር ካገኛችሁ ሠሪው ቸኩሏል፤ እሱን አውጥታችሁ ቀዳዳውን ድፈኑና አዲሱን ጀርባው ላይ ምቱ። ጎማው ተጨቁኖ ቆርቆሮው ሳይጎብጥ አቁሙ። ከዚያ በላይ የተመታ ሚስማር ዙሪያውን ያጎደጉዳል፣ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ ዝገቱ ከዚያ ይነሳል።

ከጣት ጥፍር ለማይበልጥ ቀዳዳ ካትራሞና ጨርቅ ይበቃል። ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በሽቦ ብሩሽ ዝገቱ እስኪለቅ ፈግፍጉ፣ ጥረጉ። ካትራሞ ቀቡ፣ አቡጀዲ ወይም የጆንያ ቁራጭ ሳይጨማደድ አንጥፉበት፣ ጨርቁ እስኪጠግብ ደግማችሁ ቀቡ። በማግሥቱ አንድ ጊዜ ጨምሩ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ካትራሞ በመጀመሪያው ፀሐይ ተልጦ ይነሳል። ዝግጁ ሆኖ በጣሳ የሚሸጠውን ግዙ፤ ጠጣሩን ቤት ውስጥ እሳት ላይ ማቅለጥ ትንሽ ውሃ ከነካው ገንፍሎ ሰው ያቃጥላል። ቀድሞ ሲሊኮን የተቀባበት ቦታ ከሆነ ሲሊኮኑን ሙሉ በሙሉ ላጡት፤ ካትራሞ በሱ ላይ አይጣበቅም።

ሲሚንቶ አታድርጉ። ርካሽ ስለሆነ በየሰፈሩ ይደረጋል፣ ግን ቆርቆሮው ሲረዝምና ሲያጥር ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቅና ስንጥቁ ውሃ ይቋጥራል፣ እርጥብነቱም የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል። ንፋስ እንዳያነሳው ተብሎ የሚጫን ድንጋይም ለአንድ ሌሊት ይሁን፤ ዓመት ከቆየ ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ወንፊት ይሆናል።

ቀዳዳው ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ወይም ብዙ ሆኖ ከተሰባሰበ የቆርቆሮ ቁራጭ ያስፈልጋል። ሞገዱ ከአሮጌው ጋር የሚገጥም መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ። የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ለአጥር ነው፣ ለጣሪያ 28 ወይም 30 ይሻላል። ቁራጩን ቀዳዳው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን መምታት ስህተት ነው፤ የላይኛው ጠርዙ ውሃ ይቀበላል። ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ ሚስማር አላልታችሁ የቁራጩን ራስ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከሥሩ አስገቡት፤ ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ 20 ይሁን። በጎን አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሞገድ ይደራረብ፣ አፉም ንፋስ ከሚመጣበት ወገን በተቃራኒው ይዙር። የምትቆርጡት በቆርቆሮ መቀስ ነው፤ የመፍጫ ማሽን ፍንጣሪ የአዲሱን ቆርቆሮ ገጽ ስለሚያቃጥለው ዝገቱ ቶሎ ይመጣል።

ጣሪያው ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ከተገናኘ መጋጠሚያውን በካትራሞ መሙላት አንድ ክረምት አይዘልቅም። በ90 ዲግሪ የታጠፈ ላሜራ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ላይ መውረድ አለበት፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ከጎረቤትም ጋር መስማማት ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ውስጥ ከሆናችሁ ሚስማርና ጥቂት ካትራሞ ብዙም አያነጋግርም፣ ክዳን ለመለወጥ ግን ቀድሞ ወረዳው ይጠየቅ።

ግድግዳው

ሰው ጣሪያውን ደፍኖ ይተኛል፤ ጭቃ ቤትን የሚጥለው ግን የራሰ ግድግዳ ነው። ከጠብታው ሥር ያለውን ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ በጣት አንኳኩ። ድምፁ ባዶ ከሆነ ምርጊቱ ከእንጨቱ ለቋል። በጠፍጣፋ ካቻቪቴ የቋሚውን እግር ወጉ፤ ያለ ትግል ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከገባ እንጨቱ በስብሷልና መለወጥ ወይም አጠገቡ ሌላ መትከል አለበት። ግድግዳው ሆዱን ወደ ውጭ ካወጣ ወይም በር መግጠም ከተወ በዚያ ክፍል አትደሩ፤ በባሕር ዛፍ አጣና ከውጭ ደግፉትና ግንበኛ አምጡ።

ለቆ የወጣውን ምርጊት አራግፉና ግድግዳው እስኪደርቅ ተዉት፤ በክረምት ሳምንታት ይፈጃል። እርጥቡ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ቶሎ ያማረ ይመስላል፣ ነገር ግን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፣ ቋሚውም ሳይታይ ይበሰብሳል። ለጭቃ ግድግዳ ጭቃ ነው የሚስማማው፦ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ለቀናት ውሃ እየጨመራችሁ አቆዩት፣ በየቀኑ ርገጡት፣ ጭዱ ሲለሰልስ አንድ ስስ ዙር ምረጉ። ሲደርቅ የሚወጣው ስንጥቅ ያለ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ዙር ይሞላዋል። ከውጭ በኩል ደግሞ ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ መሬቱን የሚመታበትን ቦታ እዩ፤ ግድግዳው ሥር ጉድጓድ ከሠራ አፈር ሞልታችሁ ደልድሉና ቁልቁል የሚወስድ ቦይ ቆፍሩለት።