አሮጌ አውሮፕላንና የስፖርት ፓይለት ፈቃድ፦ ችግር፣ ምክንያትና መፍትሄ

ችግር፦ በአሜሪካ የስፖርት ፓይለት ፈቃድ (ቀላል አውሮፕላን ለማብረር የሚሰጥ ውስን ፈቃድ) ያለው ገዢ አንዱን ኤርኩፕ የተባለ አሮጌ ትንሽ አውሮፕላን እንዲያበር ሲፈቀድለት፣ መልኩ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነው ሌላው ግን «አይሆንም» ይባል ነበር።

ምክንያት፦ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የ«ቀላል ስፖርት አውሮፕላን» ትርጉም ለየብስ አውሮፕላን የመነሻ ክብደትን በ1,320 ፓውንድ፣ ያለ ፍላፕ (በክንፉ ጀርባ ላይ የሚዘረጋው ክፍል ሳይዘረጋ) የሚለካውን የስቶል ፍጥነት፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቆምበትን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ በ45 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት)፣ መቀመጫን በሁለት ይወስን ነበር። አውሮፕላኑ እነዚህን ገደቦች መጀመሪያ ከተመሰከረለት ጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ ማሟላት ስለነበረበት፣ በ1,260 ፓውንድ የተመዘገበው 415-ሲ የተባለው የኤርኩፕ ሞዴል ብቁ ሲሆን፣ ወደ 415-ዲ ተለውጦ 1,400 ፓውንድ የተፈቀደለት ግን በኋላ ወደ ቀድሞው ቢመለስ እንኳ ብቁነቱን መልሶ አያገኝም ነበር። ብዙ ገዢዎችን ያሳዘነው ይህ «ሳያቋርጥ» የሚለው አንድ ሐረግ ነው።

መፍትሄ፦ ከጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኋላ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ለስፖርት ፓይለት የክብደት ገደቡን ስላነሳ፣ በድሮው ትርጉም የተዘጋጁ የብቁ አውሮፕላኖች ዝርዝሮችን ትቶ አዲሱን መለኪያ መያዝ ይገባል። መለኪያውም በተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት፣ ያለ ፍላፕ፣ ከ59 ኖት ያልበለጠ የስቶል ፍጥነት ነው። መቀመጫው እስከ አራት ሊደርስ ይችላል፤ የሚጫነው ተሳፋሪ ግን አንድ ብቻ ነው።

ችግር፦ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የስቶል ፍጥነቱ 65 ተብሎ ስለተጻፈ አውሮፕላኑ ውድቅ ይደረጋል።

ምክንያት፦ የድሮ መጻሕፍት ፍጥነትን በአብዛኛው የሚሰጡት በማይል በሰዓት ነው፤ 65 ማይል ወደ 56 ኖት ተኩል ስለሚሆን አውሮፕላኑ ያልፋል። ተቃራኒው ስህተት ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ደንቡ የሚጠይቀው የታረመ ፍጥነትን (የመሣሪያው ስህተት የተስተካከለለትን) ሲሆን፣ አፍንጫው ቀና ሲል የፍጥነት መለኪያው ብዙ ጊዜ አሳንሶ ስለሚያነብ፣ በመሣሪያው ላይ 55 ኖት የታየው በእርግጥ ከ59 ሊያልፍ ይችላል።

መፍትሄ፦ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን የፍጥነት ማረሚያ ሰንጠረዥ ፈልጎ ቁጥሩን ማረም፣ ከዚያም ማይሉን ለ1.15 አካፍሎ ወደ ኖት መለወጥ ነው። ፍላፕ የተዘረጋበትን ቁጥር መውሰድ ስሌቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ችግር፦ ለቀላል ስፖርት አውሮፕላን ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ዓመታዊ ምርመራውን ፈርሞ፣ ፊርማው ዋጋ ያጣል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ደንቡ የሰፋው ለአብራሪው ነው፤ መደበኛ የብቃት ምስክር ወረቀት ያለው አሮጌ አውሮፕላን መደቡን አይለውጥም። ስለዚህ ዓመታዊ ምርመራውን የሚፈርመው የምርመራ ሥልጣን ያለው መካኒክ ስለሆነ፣ ገዢው የምስክር ወረቀቱን ዓይነት ከክፍያ በፊት በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ አለበት።