ከስካፎልድ ወድቆ የተጎዳ ሠራተኛ ካሳውን እንዴት ይጠይቃል?

ከስካፎልድ (ከግንባታ መወጣጫ) የወደቀ የግንባታ ሠራተኛ ካሳ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መዝገቡን የሚያጓትተው ሌላ ነው። ሰውየው የዚያ ሳይት ሠራተኛ ነበር ወይ? አሠሪው ዋናው ተቋራጭ ነው ወይስ ንዑስ ተቋራጩ? በቀን ስንት ይከፈለው ነበር? ጉዳቱ ስንት በመቶ ነው? ካሳ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሆን ማስረጃ በጊዜው ስላልተያዘ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚያዝ ማስረጃ

ስካፎልድ ከአደጋ በኋላ እንደነበረ አይቆይም። ሥራው እንዳይቆም ተብሎ በማግስቱ ይጠገናል ወይም ይፈርሳል፤ የተሰበረው ጣውላም ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ አብሮ የሚሠራ ሰው በዚያው ቀን በስልኩ ፎቶ ያንሳ። አንዱን ከሩቅ፣ ሕንጻውና የፕሮጀክቱ ታፔላ አብረው እንዲታዩ አድርጎ። ታፔላው ላይ የባለቤቱና የተቋራጩ ስም ስለሚገኝ በኋላ ማንን እንደሚከሱ ይጠቁምዎታል።

ከዚያ ቀረብ ተብሎ ይነሳ። የባሕር ዛፉ ቋሚ የቆመበት መሬት መታየት አለበት፤ አዲስ የተሞላ አፈር ላይ የቆመ ቋሚ ዝናብ ሲመታው ይሰምጣል፣ መወጣጫውም ያዘነብላል። የላላ ማሰሪያ ሽቦ ወይም የተነቀለ ሚስማር፣ የጣውላው ስብራት (ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ጉጥ ባለበት ቦታ ነው)፣ በጎን በኩል መከላከያ አግዳሚ መኖር አለመኖሩ፣ ላዩ ላይ የተከመረው የብሎኬት ብዛት ይነሳ። የብረት ስካፎልድ ከሆነ መገጣጠሚያዎቹና ሰያፍ ማጠናከሪያው አይረሱ። በተለይ አንድ ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል፦ የደህንነት ቀበቶ የሚንጠለጠልበት ገመድ ወይም ብረት በቦታው ነበር ወይ? ቀበቶ አድለው ማሰሪያ ቦታ ያላዘጋጁ ሳይቶች ጥቂት አይደሉም። ይህ ፎቶ በኋላ «ቀበቶ አላሰረም» የሚለውን መከራከሪያ ባዶ ያደርገዋል።

ያዩ ሰዎችን ሙሉ ስምና ስልክ ወዲያውኑ ይጻፉ። የቀን ሠራተኛ በሳምንቱ ሌላ ሳይት ሄዶ ይሆናል፤ ሁለት ወር ቆይቶ መፈለግ አድካሚ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከብዙ ምስክር ይበልጣል። «ወድቆ የመጣ» ብቻ ከተጻፈ፣ ወይም ተጎጂውን ያመጣው ፎርማን «ቤቱ ወድቆ ነው» ብሎ ካስመዘገበ፣ ያንን ማስተባበል ወራት ይወስዳል። ዘመድ ወይም ጓደኛ «በሥራ ላይ እያለ፣ ከዚህ ሳይት፣ ከስካፎልድ» ተብሎ እንዲጻፍ ይናገር። የራጅና የሲቲ ስካን ውጤት፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ማጠቃለያ ኦሪጅናላቸው እጅዎ ላይ ይቅር፤ ለአሠሪው ኮፒ ብቻ ይስጡ።

ማሳወቅና ማመልከት

አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ የመስጠት፣ ተጎጂውን በአቅራቢያው ወዳለ ሕክምና የማድረስ፣ አደጋውን መዝግቦ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ያሳውቃል ብለው አይጠብቁ። ለአሠሪው አጭር ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ይጻፉ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ፎቁ፣ ይሠሩት የነበረው ሥራና ያዘዘዎት ሰው ይጠቀስ። አንዱ ኮፒ ላይ ተቀባዩ ይፈርም። አልቀበልም ካለ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩ። ከዚያ በአካባቢው ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክተው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሳይቱን እንዲያይ ይጠይቁ። ለፖሊስም ማመልከት ይጠቅማል፤ የቦታው ምርመራ ገለልተኛ ማስረጃ ነው።

አሠሪው ማን ነው?

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብት አያስቀርም፤ አዋጁ ይህን በግልጽ ይላል። የሠራተኝነት ማስረጃ የሚሆኑት የፎርማኑ የስም መቆጣጠሪያ ደብተር፣ ፔይሮል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ የገባ ክፍያ፣ የሳይት መታወቂያ፣ ከፎርማኑ ጋር የተላላካችሁት መልእክት ነው። ደብተሩና ፔይሮሉ በአሠሪው እጅ ስለሆኑ በክሱ ላይ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርባቸው ይጠይቁ።

አስቸጋሪው በካሬ የሚሠራው ነው። ልስን ወይም ቀለም በካሬ ሜትር ዋጋ የያዘ ሰው በራሱ የሙያ ኃላፊነት ለዋጋ የሚሠራ ከሆነ አዋጁ አይሸፍነውም፤ አሠሪዎችም ይህን ያውቃሉና «ሠራተኛዬ ሳይሆን ተቋራጭ ነው» ይላሉ። በካሬ መከፈል ብቻውን ግን ተቋራጭ አያደርግም። መግቢያና መውጫ ሰዓቱን የሚወስነው ፎርማኑ ከነበረ፣ ዕቃውና ስካፎልዱ የድርጅቱ ከሆነ፣ በራሱ ምትክ ሌላ ሰው መላክ የማይችል ከነበረ እነዚህን አንድ በአንድ በምስክር ያስረዱ። ሥራውን በካሬ የያዘው ሰው ቀጥሮ ያመጣው ረዳት ደግሞ ቢያንስ የእሱ ሠራተኛ ነው። አሠሪው ማን እንደሆነ ካጠራጠረ ዋናውንም ንዑስ ተቋራጩንም በአንድ ክስ ተከሳሽ ማድረግ ይሻላል። አንዱን ብቻ ከሰው «እኔ አይደለሁም» ሲባል፣ ሌላውን ለመክሰስ ያለዎት ጊዜ እያለቀ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይሰላል?

የሚጠየቀው ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያው የሕክምና ወጪ ነው። ቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካልና ድጋፍ ይጨምራል። «ለሕክምናህ ያወጣሁትን ከካሳው እቀንሳለሁ» የሚል አሠሪ ሕግ የለውም።

ሁለተኛው ሥራ መሥራት ባልቻሉበት ጊዜ የሚከፈለው ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ከ12 ወር አያልፍም፤ ድኗል ተብሎ በሐኪም ከተረጋገጠ ወይም የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ከተጀመረ ቀድሞ ይቆማል።

ሦስተኛው የዘላቂ ጉዳት ካሳ ነው። በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ፣ ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ከሆነ የዓመት ደመወዙ በ5 ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ከዚያው ላይ በመቶኛው ልክ። በቀን 500 ብር እየተከፈለው በወር 26 ቀን የሚሠራ ሰው እንውሰድ። የወር ደመወዙ 13,000፣ የዓመቱ 156,000፣ በ5 ሲባዛ 780,000 ብር ይሆናል። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ 30 በመቶ ካለ ካሳው 234,000 ብር ነው። ዓመቱን ሙሉ መሥራት ካልቻለ የሁለተኛው ክፍያ ደግሞ 39,000፣ 29,250 እና 39,000፣ በድምሩ 107,250 ብር ይደርሳል። የትርፍ ሰዓትና አበል በ«ደመወዝ» ውስጥ አይቆጠሩምና እነሱን ደምሮ ማስላት ክሱን ለትችት ያጋልጣል።

7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው የጡረታ መዋጮ የሚገባለት ሠራተኛ የዘላቂ ጉዳቱን ክፍያ የሚያገኘው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከጡረታው ነው። መዋጮ ሊከፈልለት ሲገባ አሠሪው ዝም ብሎት የቀረ ከሆነ የአምስት ዓመቱን ስሌት በአማራጭ ዳኝነት (ማለትም የመጀመሪያው ጥያቄ ካልተሳካ ይህ ይወሰንልኝ ብሎ) ይጠይቅ። ተቋራጩ የሠራተኞች ጉዳት ኢንሹራንስ መግባቱንም ይጠይቁ፤ ካለው ድርድሩ ይቀላል።

ሠራተኛው ከሞተ ለቀብር ከ2 ወር ደመወዝ ያላነሰ ይከፈላል። ከአምስት ዓመት ደመወዙም ለትዳር ጓደኛ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ፣ በእሱ ይረዱ ለነበሩ ወላጆችም ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ይደርሳል።

የሐኪሞች ቦርድ

መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ እንጂ ያከመዎት ሐኪም ብቻውን አይደለም። ሆስፒታሎች አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ከአሠሪው ማግኘት ካልተቻለ ፍርድ ቤቱ እንዲጽፍ በክሱ ላይ ይጠይቁ። አጥንቱ ሳይገጥም በችኮላ ቦርድ ፊት መቅረብ መቶኛውን ያዛባል። በሌላ በኩል አዋጁ ጉዳቱ በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ እንዲወሰን ስለሚል ብዙ ማዘግየትም አይበጅም። የወገብና የጭንቅላት ጉዳት ላይ ይጠንቀቁ። እግር መሰበሩ በራጅ ይታያል፤ የእጅ መደንዘዝ፣ የሽንት አለመቆጣጠር፣ የመርሳት ችግር ግን ካልተናገሩት አይመዘገብም።

«ምንም ጥያቄ የለኝም»

ገና አልጋ ላይ ሳሉ ጥቂት ብር ይዘው ሽማግሌ የሚልኩ አሉ። ብሩን መቀበል ችግር የለውም፤ ችግሩ ያለው አብሮት የሚመጣው ወረቀት ላይ ነው። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ካለበት የቦርድ ውጤት ሳይወጣ አይፈርሙ። «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ይፈርሙ።

ጊዜው ሲያልፍ

አጠቃላዩ የይርጋ ጊዜ (ክስ ካልቀረበ መብቱ የሚታገድበት የጊዜ ገደብ) 1 ዓመት ነው፤ ደመወዝና መሰል ክፍያዎች ግን በ6 ወር ይታገዳሉ። ጊዜውን ከአደጋው ቀን ቆጥሮ በ6 ወር ውስጥ መክሰስ ከይርጋ ክርክር ያድናል፤ ቦርዱ ባይወስንም ይክሰሱ። ተቋራጩ ኃላፊነቱን አምኖ የጻፈው ደብዳቤ ይርጋውን ያቋርጠዋል፤ በቃል «ቆይ እንከፍልሃለን» ማለቱ ግን አይረዳም።

ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ሦስቱን ክፍያዎች ለየብቻ በአሃዝ ይጻፉ፤ «ተገቢው ካሳ ይከፈለኝ» ብሎ መተው ራስን መጉዳት ነው። አዋጁ ለችሎቱ 60 ቀን ይሰጣል፤ በተግባር ግን የቦርድ ውጤት ሲጠበቅ ሊራዘም ይችላል። ይግባኝ የሚጠየቀው በ30 ቀን ውስጥ ነው።

ተከሳሹ የሚያነሳው መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፤ የደህንነት መመሪያ ጥሷል፣ ወይም ሰክሮ ነበር። ሁለቱም አሠሪውን ከኃላፊነት ነጻ ከሚያደርገው፣ ጉዳቱን በራስ ላይ ሆነ ብሎ ከማድረስ ጋር ይቆጠራሉ፤ ማስረዳት ያለበት ግን አሠሪው ነው። መመሪያው በግልጽ መሰጠቱን፣ ቀበቶና ሄልሜት በፊርማ መረከብዎን፣ አጠቃቀሙን መማርዎን ያሳይ። ሁለት ጠርሙስ ቢራ ጠጥቶ ነበር ማለትም አይበቃም፤ ስካሩ አካልን ወይም አእምሮን መቆጣጠር እስከማይቻልበት የደረሰ መሆን አለበት።

አሠሪው ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ የበሰበሰ ጣውላ እንደሆነ ተነግሮት ከተወው፣ ከአዋጁ በተጨማሪ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የተከራየ ሊፍት ማሽን ከሆነ የጣለዎት፣ የማሽኑ ባለቤት ያለ ጥፋትም በአንቀጽ 2081 ሊጠየቅ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚጠየቀው ካሳ ይርጋ 2 ዓመት ነው። የሞራል ካሳ ላይ ግን ተስፋ አይጣሉ፤ 1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎት ቀርቷል።

ተቋራጩ ንብረት እንዳይሸሽግ ከፈሩ የፕሮጀክቱ ባለቤት ገና ያልከፈለው ሂሳብ ላይ እገዳ ይጠይቁ፤ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ሳይቱ ተጠናቆ የመጨረሻው ክፍያ ከወጣ በኋላ ግን የሚታገድ ገንዘብ ማግኘት ይከብዳል።