የወል ዳገትን ከልቅ ግጦሽ ለመከለል ምን ምን ይደረጋል?

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝም ሆነ ወደ አንኮበር ሲኬድ ከገብሱ ማሳ በላይ የሚታየው ዳገት በአብዛኛው የወል ግጦሽ ነው። በጉም፣ ላሙም፣ አህያውም እዚያው ስለሚውል ሣሩ እየተነጨ አፈሩ ይራቆታል፤ ክረምት ሲገባም ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የታችኛውን ማሳ እየቦረቦረ ይሄዳል። ከዚህ በታች የቀረበው አንድ ጎጥ ወይም ቀበሌ እንዲህ ያለውን መሬት በሕግ መሠረት ከልሎ፣ የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላትም እንዲከታተሉት የሚያደርግበት አካሄድ ነው።

መነሻው ሕጉን ማወቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርግ፣ ስለ መሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት፣ የማስተዳደሩን ሥልጣን ደግሞ ለክልሎች ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነ መሬት ዓመታዊ ሰብል ሊዘራበት የሚችለው ጠረጴዛማ እርከን (ዳገቱን በደረጃ ደረጃ ሜዳ የሚያደርግ እርከን) ከተሠራበት ብቻ እንደሆነ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም ሳይውል ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲሆን ደንግጓል። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ በተሠራበት መሬት ላይ ልቅ ግጦሽ ቀርቶ አጭዶ መመገብ ደረጃ በደረጃ እንዲገባ ያዘዘውም ይኸው አዋጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል፤ በአማራ ክልል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252/2009 እና ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 159/2010 ወጥተዋል። ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማንበብና አንቀጹን ከዚያ መጥቀስ ይገባል። የተሻረ አዋጅ የጠቀሰ ማመልከቻ ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ሊመለስ ይችላል።

ቀጥሎ ዳገቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጣራል። የገጠር መሬት በግል፣ በማኅበረሰብም ሆነ በመንግሥት ቢያዝ እንዲለካና እንዲመዘገብ ሕጉ ያዛል፤ በተግባር ግን የግል ማሳዎች የይዞታ ደብተር ሲወጣላቸው የወሉ ዳር ድንበር ሳይጠራ የሚቀርበት ቦታ አለ። በዚህ መካከል ከዳር የሚያርሰው ሰው በየዓመቱ አንድ ሁለት ትልም እየገፋ ወደ ላይ ይወጣል። በመሆኑም የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ፣ አዋሳኝ ባለይዞታዎችና አካባቢውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ባሉበት ወሰኑን ዞሮ ድንጋይ መትከልና ቃለ ጉባኤ ይዞ ማስፈረም ከሁሉ ይቀድማል።

ተዳፋትነቱን ለመለካት ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ ልክ፣ 2 ሜትር ክርና አንድ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ይበቃሉ። የክሩን አንድ ጫፍ በላይኛው ቦታ መሬት ላይ ይያዙ፤ ሌላውን ጫፍ ዳገቱን ተከትሎ ታች በቆመው ዘንግ ላይ አድርገው ክሩ ተወጥሮ በውሃ ልኩ አግድም ልክ እስኪሆን ድረስ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ክሩ ካረፈበት እስከ ዘንጉ ሥር ያለው ቁመት 60 ሳንቲሜትር ከሆነ ተዳፋትነቱ 30 በመቶ፣ 1 ሜትር ከ20 ከሆነ 60 በመቶ ነው። ዳገቱ አንድ ወጥ ስለማይሆን በተለያዩ ቦታዎች ለክቶ መጻፍ ይሻላል። የወረዳው ባለሙያ ኋላ በራሱ መሣሪያ ቢያረጋግጠውም፣ ልኬት የያዘ ጥያቄ በቃል ከሚቀርብ አቤቱታ ይልቅ ይሰማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ቦታው ሲከለል ከብቱ የት ይውላል? ይህ ሳይመለስ የተከለለ ዳገት ክረምቱ ሳይጋመስ በሌሊት ይጋጣል፣ ጥበቃውም ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ሥራውን ይተዋል። በየቤቱ ስንት በሬ፣ ስንት ላም፣ ስንት በግ እንዳለ ይቆጠር። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ወደ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ስለሚፈልግ፣ አራት ወር በቤት ለማክረም ከ7 ኩንታል ያላነሰ ድርቆሽና ገለባ ያሻዋል። ይህን መጠን ለማግኘት በእርከን ጠርዝና በጓሮ መኖ መትከል ግድ ይሆናል። በደጋው ፋላሪስ የተባለው ሣር፣ ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ፣ እንዲሁም ቬች ከተባለው የመኖ ጥራጥሬ ጋር የተዘራ አጃ ይስማማሉ፤ ዝሆኔ ሣር ግን ውርጭ ስለማይችል ከቆላውና ከወይና ደጋው አምጥቶ በመንዝ መትከል ድካም ነው። ክልከላውንም አዝመራ እንደተሰበሰበ፣ ከብቱ በታጨደው ማሳ ላይ በሚሰማራበት ጊዜ መጀመር ይቀላል። በልግ የሚያመርቱ ቀበሌዎች ግን ማሳው ቶሎ ለእርሻ ስለሚፈለግ ይህን ፋታ እምብዛም አያገኙትም፤ እነርሱ ዳገቱን ለሁለት ከፍለው በተራ ቢዘጉት ይሻላል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። መንዝ ጓሳ የተባለው የደጋ ሣር ምድር ቄሮ በሚባለው የቆየ የአካባቢ ሥርዓት፣ በአባ ቄራ መሪነት፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት እየተዘጋ የሣር አጨዳና የግጦሽ ጊዜው ይታወጅ ነበር። ሥርዓቱ በርስት ባለመብትነት ላይ የቆመ በመሆኑ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲወጣ ፈረሰ፤ ጥበቃው ኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቢመለስም ርስተኛ ያልነበረውን ጭምር ማካተት ነበረበት። ዛሬ ደንብ የሚያረቅ ቀበሌም ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በቅድሚያ መወሰን አለበት።

የመተዳደሪያ ደንቡ ሲጻፍ ወሰኑን፣ የሚዘጋበትን ዘመን፣ ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ፣ የጥበቃውን ደመወዝና ምንጩን፣ የቅጣቱን መጠን በየከብቱ ዓይነት መዘርዘር አለበት። በግን ለብቻው ማየት ተገቢ ነው፤ በሬ የሌለው ደሃ ኑሮው በጥቂት በጎች ላይ ስለሆነ፣ ለበሬ የተጻፈው ቅጣት እርሱ ላይ ሲያርፍ ቤት ያፈርሳል። ሣሩ በከብት ብዛት ቢከፋፈል ባለብዙ ከብቱ ብቻ ይጠቀማል፤ በእኔ አስተያየት በቤተሰብ እኩል ተደልድሎ ከብት የሌላት እማወራም ድርሻዋን መሸጥ ብትችል ክልከላውን የሚደግፈው ሰው ይበዛል። ቅጣት በደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ደረሰኝ የሌለው ቅጣት ሐሜት ያመጣል። ደንቡ በጠቅላላ ስብሰባ ተነቦ ከጸደቀ በኋላ ለቀበሌው አስተዳደር፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቅጂ ይገባል።

ከዚያ የአካል ሥራው ይቀጥላል። የተፋሰስ ሥራ በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ስለሚሠራ የተከለለው ቦታ በዚያ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሂድ፦ ቦረቦሩ ከታች ቢከተርና የላይኛው ጎርፍ ቢለቀቅ ድንጋዩ በመጀመሪያው ዶፍ ይጠረጋል። የድንጋዩ ክትር ሁለት ጫፎች በግራና በቀኝ ዳር አፈር ውስጥ ገብተው ይቀበሩ፤ መካከሉም ለውሃው ማስተንፈሻ እንዲሆን ከጫፎቹ ዝቅ ይበል። በተከለለው ቦታ ላይ ባሕር ዛፍ ለመትከል የሚመጣውን ግፊት ግን ተቋቁሞ መቆየት ይሻላል፤ ባሕር ዛፍ በበዛበት ሥር ሣር ስለማይበረክት ለመኖ የተዘጋው ቦታ ለአጣና ይሆናል።

ክትትሉ በመዝገብ ይደገፍ፦ የገባው ከብት፣ ቀኑ፣ የተወሰደው እርምጃ ይጻፋል። አጥፊው በመጀመሪያ በሽማግሌ ይመከራል፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ አልሰማ ካለ ጉዳዩ ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ፣ ከዚያም ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የግል ይዞታዬ በስህተት ተከለለብኝ የሚል ሰውም በዚሁ መንገድ ደብተሩን ይዞ ያመለክታል፤ ስምምነት ከጠፋ ወረዳ ፍርድ ቤት አለ። አንዳንድ ጊዜ ግን የተከለለውን መሬት ቆርሶ ለሌላ ጉዳይ የሚሰጠው ራሱ የቀበሌው አስተዳደር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የወሰን ቃለ ጉባኤው፣ የጸደቀው ደንብና መዝገቡ ተያይዘው በቀጥታ ለወረዳው ሊቀርቡ ስለሚገባ፣ ዋናው ቅጂ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ተጠቃሚዎቹ በመረጡት ሰው እጅ ይቀመጥ።