መጀመሪያ የፊቱን ጎማ፦ ለማውንቴን ባይክ ውድድር ጎማ ስትመርጡ

ባለፈው ሐምሌ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ወደቅኩ። ፍጥነት አልነበረኝም፣ ፍሬንም አልያዝኩም። ቀስ ብዬ ወደ ግራ ስታጠፍ የፊቱ ጎማ ከሥሬ ሹልክ አለ፣ እኔም በትከሻዬ መሬት። ተነስቼ ሳየው ጎማው ጥርስ የሚባል ነገር የለውም። ቀዩ ጭቃ በጥርሶቹ መሀል ሞልቶ ቦምቦሊኖ አስመስሎታል። ማንንም አልወቅስም። ጥር ላይ በአቧራው ሲበር ደስ ብሎኝ የነበረውን ጎማ እስከ ሐምሌ ሳልቀይረው የቆየሁት እኔው ነኝ።

አዲስ አበባ ላይ ማውንቴን ባይክ ይዞ መወዳደር ለጀመረ ሰው ራስ ምታቱ ይሄ ነው። ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ በስድስት ኪሎ፣ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ፤ እስከዚያ አስፋልት ነው። እንጦጦ ጫካ ስትገቡ ቀይ አፈር፣ ድንጋይና የባህር ዛፍ ሥር ይጠብቃችኋል። ያው መንገድ ጥር ላይ ሲሚንቶ ነው፣ ሐምሌ ላይ ሳሙና። ስለዚህ ሰው "የትኛው ብራንድ ይሻላል?" ሲለኝ "ውድድሩ መቼ ነው? መሬቱን ሄደህ ረግጠኸዋል?" ብዬ ነው የምመልሰው።

ገንዘባችሁ ለአንድ ጥሩ ጎማ ብቻ ከበቃ የፊቱን ግዙ። እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ ጓደኞች አሉ፤ ጉልበቱ መሬት የሚነካው በኋላው ነው ይላሉ። እውነት ነው። ግን የኋላው ሲንሸራተት ብስክሌቱ ጭራውን ቆላ ቆላ ያደርጋል፣ ታስተካክሉትና ትቀጥላላችሁ። የፊቱ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ትከሻዬን ጠይቁት። የፊቱ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ጥርሱ ረዘም፣ ላስቲኩ ለስለስ ያለ ይሁን። የኋላው ጥርሱ አጠር ያለና ቀለል ብሎ የሚሮጥ። ፋብሪካዎቹም ይሄን ስለሚያውቁ ሽዋልቤ ሬሲንግ ሬይን ለፊት፣ ሬሲንግ ራልፍን ለኋላ ብሎ ለያይቶ ነው የሚሠራቸው።

ከመግዛታችሁ በፊት የጎማውን ጎን አንብቡ። 57-622 የሚል ካያችሁ 57 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ 622 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር። ይሄ በተለምዶ በኢንች 29 በ2.25 የምንለው ነው። 584 ካለ የ27.5፣ 559 ካለ የ26 ነው። ሻጩ "አይዞህ ይገባል" ቢላችሁ እንኳ ቁጥሩን እመኑ። ሌላው፣ ጎማው ከብስክሌቱ አጥንት ጋር ያለው ክፍተት ትንሿን ጣት ማስገባት አለበት። በበጋ ክፍተቱ ቢጠብም ያልፋል፤ በጭቃ ግን ጎማው ጭራሽ መዞር ያቆማል።

አሁን ወደ መሬቱ።

ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ሲጠነክር፣ አጭርና ጠጋ ጠጋ ያለ ጥርስ ይበቃችኋል። ማክሲስ አስፐን፣ ኮንቲኔንታል ሬስ ኪንግ፣ ሽዋልቤ ተንደር በርት የዚህ ዓይነት ናቸው። ረጅም ጥርስ ደረቅ መሬት ላይ ይወላገዳል፣ ጉልበታችሁን ይበላል፣ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ስፋቱ ከ2.25 እስከ 2.4 ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጭን ጎማ ፈጣን ነው የሚለው የድሮ ወሬ ኮረኮንች ላይ አይሠራም፤ ሰፋ ያለው በዝቅተኛ አየር ድንጋዩን ውጦ ያልፋል፣ ቀጭኑ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይዘላል።

ከኅዳር ወዲያ ነገሩ ይቀየራል። ከሥር ጠንካራ፣ ከላይ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይተኛል፤ በዚያ ላይ የባህር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ። ያቺን ደረቅ፣ ጠንካራ ፍሬ የማያውቅ የለም። ኩርባ ላይ አምስት ስድስቷ ከጎማው ሥር ከገባች ብይ ላይ እንደ መንዳት ነው። እዚህ ሥራውን የሚሠሩት የዳር ጥርሶች ናቸው፤ ስለዚህ መሀሉ ለመሮጥ ዝቅ ያለ፣ ዳሩ ግን ቆም ያለ ጎማ ፈልጉ። እኔ በዚህ ወቅት ፊት ቪቶሪያ ባርዞ፣ ኋላ ቪቶሪያ መዝካል ነው የምጭነው። ለአንድ ዓመት አንድ ጥንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝም እሱን እመርጣለሁ።

ክረምት ሲመጣ ሰው ሁሉ ሰፊና ትልቅ ጥርስ ያለውን ይፈልጋል። ለጭቃ ወሳኙ በጥርሶቹ መሀል ያለው ክፍት ቦታ ነው። ጥርሶቹ ከተራራቁ ጎማው ሲዞር ጭቃውን ይተፋዋል፤ ከተጠጋጉ ይይዘዋል፣ ከዚያ ቦምቦሊኖ። የጭቃ ጎማዎች ብዙ ጊዜ ጠበብ የሚሉትም ለስላሳውን ሰንጥቀው ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት እንዲነክሱ ነው። በዝናብ የራሰ የዛፍ ሥርና ድንጋይ ላይ ግን ጥርሱ ብዙም አያድናችሁም። እዚያ የሚይዘው የላስቲኩ ልስላሴ ነው። ሱቅ ውስጥ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ጥርሱን ጫን በሉት፦ ለስላሳው ትንሽ ይሰረጉዳል፣ ጠንካራው እምቢ ይላል። መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ስለሚያወጣ እሱንም አጠፍ አድርጋችሁ እዩ።

ዋልካስ? ጥቁሩ ዋልካ ሲርስ መድኃኒት የለውም። እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ የፊቱን ጎማ የያዘውን ሹካም ፍሬኑንም ይሞላል። ተሸክማችሁ በሳሩ ላይ ሩጡ፣ ይፈጥናል።

የአየሩ ነገር ግን ከጎማው ዓይነት እኩል ነው፤ እንዲያውም ነፃ ስለሆነ ከእሱ ጀምሩ። ብዙዎቻችን ጎማ የምናስነፋው ጎሚስታ ጋ ነው። የመኪና ጎማ ሲነፋ የሚውል ልጅ የብስክሌት ጎማ ሲያይ ድንጋይ እስኪሆን ይነፋዋል፤ በጣቱ ጫን ያደርግና "አሁን ሆነ" ይላል። አመስግናችሁ ሂዱ፣ ከዚያ አስተንፍሱት። 70 ኪሎ ገደማ ለምትመዝኑ፣ ጎማው 2.25 ወይም 2.35 ከሆነና ካላማዳሪ ካለው ፊት 26፣ ኋላ 28 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ላይ ጀምሩ። ያለ ካላማዳሪ፣ በቱብለስ ከሆነ ፊት 20፣ ኋላ 23። እነዚህ መነሻ ናቸው፤ ከበድ የምትሉ ጨምሩ፣ ቀለል የምትሉ ቀንሱ። ቸርኬው ድንጋይ ላይ "ቋ" ካለባችሁ አንሷል፣ ኩርባ ላይ ጎማው እየዘለለ ከሄደ በዝቷል። በጭቃ ቀን አንድ ሁለት ቀንሱ። 2 ፒኤስአይ በሰውነት የሚሰማ ልዩነት ስለሆነ፣ የመኪና መለኪያ ላይ ደግሞ ይሄ የፀጉር ያህል ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት ትንሽ የብስክሌት መለኪያ ግዙ። ቀጭን ቫልቭ ያላችሁ ደግሞ በመኪናው ቱቦ ለመንፋት የምታስፈልገውን ትንሿን አዳፕተር ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ውድድሩ ከከተማ ውጭ ከሆነ እዚያው ደርሳችሁ ለኩ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ያሳያችኋል፤ የአዳማ ሙቀት ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ቤት ለክቶ መሄድ ዋጋ የለውም።

ቱብለስ ይሻላል ወይ? ለውድድር አዎ። ዝቅ ባለ አየር መንዳት የሚያስችለው እሱ ነው፣ ትንሽ እሾህ ሲወጋውም ጎማው ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ራሱ ይደፍነዋል። ቸርኬውና ጎማው ግን ለቱብለስ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ቴፕ ለጥፎ ተራ ጎማ በግድ ማስገባት በቁልቁለት ላይ ፊታችሁን መስጠት ነው። ፈሳሹም ይደርቃል፤ በየሁለት ሦስት ወሩ ከፍታችሁ እዩት። በካላማዳሪ የምትወዳደሩም አትሸማቀቁ፣ አየሩን ትንሽ ከፍ አድርጉና አንድ ትርፍ ያዙ።

ስትገጥሙ ጎኑ ላይ ያለውን ቀስት ተከተሉ። አንዳንዱ ጎማ ለፊትና ለኋላ የተለያየ አቅጣጫ አለው፤ እኔ አንዴ ገልብጬ ገጥሜ ሙሉ ዙር ዳገት ላይ የኋላ ጎማዬ ባዶውን ሲዞር "ዛሬ ምን ነካኝ?" እያልኩ ራሴን ስረግም ውያለሁ።

አዲስ ጎማ በውድድሩ ዋዜማ አትግጠሙ፤ ቢያንስ አንድ ጧት በምትወዳደሩበት ዓይነት መሬት ላይ ንዱበት። በክረምት ጧት ብራ ሆኖ ከሰዓት ዶፍ ስለሚወርድ ልምምዱን በደረቅ አድርጋችሁ ውድድሩን በጭቃ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሰማዩ ከጠቆረ እኔ የፊቱን ብቻ እቀይራለሁ። የኋላውን ለመቀየር የሚበቃ ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም። ማሊያዬ ኪስ ውስጥ ደግሞ ስንዝር የምታህል ጠፍጣፋ የባህር ዛፍ እንጨት አለች፤ ጭቃው ሹካው ውስጥ ሲቆለል በእሷ ጎርጉሬ እቀጥላለሁ።